መኪና ገዛን



በዚህ ሰሞን ከውኃ ቦኖው እስከ ራሽን ማደያው የሚወራው ወሬ እውነት ነው፤ መኪና ገዝተናል። መኪናዋ እህል የምትጭን ወይም መንገደኛ የምታመላልስ አይደለችም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ኮፈኗ የረዘመ፣ ጭራዋ ያጠረ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። ስሟ ዳትሰን 240 ዜድ ይባላል። ወሬውን የሰማ ሁሉ የመሰለውን ተናግሯል። ገሚሱ «ለመምህሩ የውጭ ዘመድ ላከለት» አለ፤ ገሚሱ «ኬዙ አልቆለት ሊሄድ ነው» አለ። አንዲት እናት ደግሞ ከልባቸው አዝነው «ልጄ፣ ነዳጁን ከየት ልታመጣው ነው?» ብለው ጠየቁን። ለእርሳቸው በቃል የመለስነውን አሁን ለሁሉም በጽሑፍ እንመልሳለን። መኪናችን ነዳጅ አትጠጣም። ርዝመቷ 41 ሳንቲ ሜትር ነው። የተሠራችውም ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ስቆ ገጹን ቢገለብጥ አንቀየመውም፤ እኛም ስቀናል። ነገር ግን ይህችን መኪና የተመኘናት ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ ነው፤ አሁን ዕድሜያችን ሠላሳ ስድስት ሆኗል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተመኙት ነገር እጅ ሲገባ፣ ከቆርቆሮም ይሁን ከወርቅ፣ ሰውን እንዲሁ አይተወውም። እኛንም እንቅልፍ ነሥቶናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እናውጋችሁ። ዓመቶቹን በካምፓችን እንደተለመደው በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ተወልደን ያደግነው ኮምቦልቻ ነው። በ1998 ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ ከአሰብ ወደብ የሚመጣው የጭነት መኪና በከተማችን ያልፍ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ኑሮ ከጎማ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ጎማ ይለጥፋል፣ መኪና ያጥባል፣ ለሾፌር ምሳ ያበስላል፣ ወይም ራሱ ሾፌር ነው። አጎታችንም ሾፌር ነበሩ። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ከወደቡ ሲመለሱ፣ መርከበኞች አይተው የተዉትን መጽሔት በክምር ለእናታችን ያመጡላት ነበር። እናታችን ማንበብ አትችልም። መጽሔቱን የምትፈልገው ለግድግዳ ነው።

በእናንተም ቤት እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፤ የጭቃ ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ይለጠፋል። ለእንቁጣጣሽ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ይፈላና ሙጫ ይሆናል፤ ባሮጌው ላይ አዲሱ ይለጠፋል። በእኛ ቤት ግን ከመደቡ በላይ ያለችው አንዲት ገጽ በየዓመቱ ትዘለል ነበር። እናታችን «ይቺ ቀይ ቤቱን ታሞቀዋለች» እያለች ዙሪያዋን ትለጥፍና እርሷን ትተዋት ነበር። በገጿ ላይ ያለችው ሰውነቷ ቀይ፣ ኮፈኗ ጥቁር የሆነ መኪና ናት። እስከ መስኮቷ ድረስ ጭቃ ተለቅልቃለች። ከኋላዋ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ ሰዎቹ እንደ እኛ ጥቁሮች ናቸው፤ መንገዱም እንደ እኛ መንገድ ቀይ አፈር ነው። በግድግዳው ላይ የነበሩት ሌሎች መኪኖች በባሕር ዳርቻ ወይም በትልቅ ቤት ደጃፍ ታጥበው የቆሙ ነበሩ። ይህች ግን ሥራ ላይ ነበረች። በዚያ ዕድሜ ይህን በቃል ልንናገረው አንችልም፤ ብቻ መደቡ ላይ ተጋድመን ስናያት ወደ እኛ ቤት የምትመጣ ይመስለን ነበር።

የፈረንጅ ፊደል የጀመርነው ከመጨረሻው ነው። አስተማሪያችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሲያስቆጥሩን እኛ ዜድን አስቀድመን እናውቃት ነበር፤ ከመኪናዋ ስም ጎን ተጽፋ በየማታው እናያታለን። አጎታችንን «ዜድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው «ከዚያ ወዲያ መኪና የለም ማለት ነው» አሉን። ለብዙ ዓመት አመንናቸው።

አሥረኛ ክፍል ስንጨርስ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገባን። በአንድ መኝታ ቤት ስምንት ሆነን ነበር፤ ምኞታችን ሲሰማ ቅጽል ስማችን «ዳትሰን» ሆኖ ቀረ። አንድ የሒሳብ ተማሪ የጀማሪ መምህርን ደመወዝ ወስዶ፣ የቤት ኪራይና ሽሮ ቀንሶ፣ መኪናዋ በስንት ዓመት እንደምትገዛ በሰሌዳ ላይ አሰላልን። መልሱ የደረሰው ለልጅ ልጆቻችን ነበር። «እንግዲህ ሚስት ስትመርጥ ይህን አስረዳት» ብለው ተሳሳቁ። በዚያው ኮሌጅ የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ ማዘጋጀትን ተማርን፤ ለመቁጠሪያ ጠጠር፣ ለማባዣ ቆርኪ፣ ለሰዓት ካርቶን። ይህ ትምህርት የት እንደሚያደርሰን ያን ጊዜ አላወቅንም።

ተመርቀን በገጠር ስምንት ዓመት አስተማርን። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንጽፍም። የእያንዳንዳችን ነገር በቃለ መጠይቅ ተጽፎ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህች ገጽ ደግሞ ሁለተኛ ማኅደር እንድትሆን አንፈልግም። በሞያሌ በኩል ወጣን፤ ናይሮቢ ከረምን፤ በመጨረሻ ወደ ካኩማ ተላክን ብንል ይበቃል።

ከኪታሌ ወደ ሎድዋር በሚወርደው አውቶቡስ አጠገባችን ጡረታ የወጡ አንድ ኬንያዊ ሾፌር ተቀምጠው ነበር። በስልካችን ላይ የመኪናዋን ሥዕል አይተው በአንዴ ፊታቸው በራ። «ሳፋሪ!» አሉ፤ ቀጥለውም «ሜህታ!» አሉ። ልጅ ሳሉ በፋሲካ ዝናብ መንገድ ዳር ቆመው እነዚህ መኪኖች ሲያልፉ አይተዋል። ጭቃው በልብሳቸው ላይ ሲረጭ እናታቸው ሁለት ቀን አላስወጣቸውም። ስለ ሜህታ ሲነግሩን «ምኪምቢዚ ነበር» አሉን። እንደምታውቁት ይህ በስዋሂሊ የእኛ ስም ነው፤ ስደተኛ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው «መሮጥ» ከሚለው ግሥ ነው። ሯጭ መኪና የነዳ ሯጭ ማለታቸው መስሎን ነበር። ካምፕ ከገባን በኋላ አንብበን ስናጣራ ግን ነገሩ እንዳሉት ሆኖ አገኘነው።

ያወቅነውን እናካፍላችሁ። መኪናዋን የሠራው የጃፓኑ ኒሳን ነው፤ በአገሯ በ1969 መጨረሻ ስትወጣ ስሟ «ፌርሌዲ ዜድ» ነበር። በአሜሪካ የኒሳን ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ይህን የወይዘሮ ስም አልወደዱትም፤ ፌርሌዲ የሚለውን ጽሑፍ ከመኪኖቹ ላይ አስነቅለው በቦታው 240 ዜድ የሚለውን አደረጉ። 240 ማለት ሞተሩ 2.4 ሊትር ነው ማለት ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ስለሚቆሙ ኮፈኗ የረዘመው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ፋብሪካው 151 የፈረስ ጉልበት አላት ይል ነበር። አራቱም ጎማዎች በባሌስትራ ሳይሆን ለየራሳቸው በሞላ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በአሜሪካ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር፤ የአውሮፓ የስፖርት መኪኖችን መግዛት ለማይችል ሰው የተሠራች ናት። ካታያማ 105 ዓመት ኖረው በ2015 ሲሞቱ የዜድ አፍቃሪዎች እንደ አባት አለቀሱላቸው።

አሁን ግን መኪናዋ የድኃ መሆኗ ቀርቷል። የሠሯት ፋብሪካዎች በ1973 ወደ ሌላ ሞዴል ስለ ዞሩ፣ ብዙዎቹም በዝገት ስላለቁ፣ የተረፉትን ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። በጥር 2020 አንዲት የ1971 ዳትሰን በአሜሪካ ጨረታ በ310,000 ዶላር ተሸጠች። ይህችው መኪና ፍራንክሊን ሚንት የሚባለው ድርጅት ትንሿን የብረት አምሳያ ሲሠራ መለኪያ ያደረጋት ናት ይባላል፤ ስሟም በሰብሳቢዎች ዘንድ በዚሁ ይጠራል። ይህን ስናነብ ልባችን ትንሽ ተጽናና። ትልቋ የከበረችው በትንሿ ምክንያት ከሆነ፣ ትንሿን መያዝ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ሳፋሪ እንመለስ። ውድድሩ የተጀመረው በ1953 የእንግሊዝ ንግሥት ዘውድ ሲጫን ለማክበር ሲሆን፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ይዞር ነበር። ለብዙ ዓመት የሚካሄደው በፈረንጆች ፋሲካ ነበር፤ ይህም ዝናቡ የሚገባበት ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን መንገዱ ለተወዳዳሪ አይዘጋም ነበር፤ ላሙም፣ አውቶቡሱም፣ የሜዳ አህያውም ያልፍበት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ማሸነፍ ማለት መቅደም ብቻ አይደለም፤ መድረስ ነው። ከሚነሡት መኪኖች አብዛኞቹ በጭቃ ተይዘው፣ ሞላቸው ተሰብሮ፣ ሞተራቸው ነድዶ በየመንገዱ ይቀሩ ነበር። በ1971 በኬንያ የሚኖረው ጀርመናዊ ኤድጋር ኸርማን በዳትሰን 240 ዜድ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣውም በዚያችው ዓይነት መኪና ነበር፤ ስሙ ሼካር ሜህታ ነው።

ሜህታ በ1945 ዩጋንዳ ውስጥ ከህንድ ዘር ከሆነ ባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን የእስያ ዘር ያላቸው ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። የሜህታ ቤተሰብም ቤቱንና ንብረቱን ትቶ ወደ ኬንያ ወጣ። በተከታዩ ዓመት ፋሲካ፣ ማለት ከተባረረ ዓመት ሳይሞላው፣ ሜህታ ከረዳቱ ከሎፍቲ ድሩስ ጋር በ240 ዜድ ተነሣ። ውድድሩ ሲያበቃ እርሱና ስዊድናዊው ሐሪ ሼልስትሮም በቅጣት ነጥብ እኩል ሆኑ። በውድድሩ ሕግ መሠረት ከመነሻው ጀምሮ ረዘም ያለ መንገድ ያለ ቅጣት የሄደው ይቀድማል፤ ስለዚህ ድሉ ለሜህታ ሆነ። ኋላም ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ ጨምሮ፣ ሳፋሪን በጠቅላላው አምስት ጊዜ አሸነፈ። በ2006 አረፈ። ሳፋሪ ራሱ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቆይቶ በ2021 በናይቫሻ ተመልሷል።

የግድግዳዋ መኪና የ1971ዱ ትሁን የ1973ቱ፣ ማን ይንዳት ማን፣ ገጿ አብራን ስላልተሰደደች ዛሬ ማየት አንችልም። ነገር ግን በመንገድ ዳር ጃንጥላ ይዘው የቆሙት ሰዎች መካከል ያ የአውቶቡስ ጓደኛችን እንዳለበት፣ መሪውን የያዘውም አገሩን ያጣ ሰው እንደሆነ አድርገን ማሰብ ጀመርን። አንባቢ «ሜህታ ባለጸጋ ነበር፤ ካምፕ አልኖረም፤ ከእኛ ምን አገናኘው?» ቢል ልክ ነው። ተካከልን አላልንም። እኛን የገረመን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው በዚያ ዓመት ብዙ የሚያስፈልገው ነገር ነበረው፤ ወረቀት፣ ቤት፣ ሥራ። እርሱ ግን ፋሲካ ሲደርስ እንደ ወትሮው መኪናው ውስጥ ገባ። ማባረሩ የወሰደበት ብዙ ነው፤ መኪና መውደዱን ግን አልወሰደበትም።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። በቤታችን ያለውን ዕቃ ብትቆጥሩት በእናንተም ቤት ያለው ያው ነው፤ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ ድስት። ሁሉም የተሰጠን ነው፤ ሰጪዎቹን እግዚአብሔር ይስጥልን። ስንወስድ የፈረምነው «ተቀብያለሁ» በሚለው ላይ ነው። ከገበያ የምንገዛው ስኳርና ከሰል ደግሞ ሳምንት አይቆይም። በ2025 ራሽኑ ሲቀንስማ ስለ ዕቃ የሚያስብ ማን ነበር? ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው ስለ ዱቄት ብቻ ሆኖ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል የምናስተምረው አንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ አለ። ከትምህርት በኋላ ከሽቦና ከዘይት ቆርቆሮ መኪና እየሠራ ለልጆች ይሸጣል። የሚሠራው ሁልጊዜ ነጭ ላንድክሩዘር ነው፤ አንቴናውን ሳይቀር ያቆምለታል። ሕፃናቱ ከዚያ ሌላ መኪና ሲመጣ የሚያዩት ጥቂት ስለሆነ ገበያው እርሱ ነው። አንድ ቀን ስልካችንን አውጥተን ሥዕሏን አሳየነው።

«ይህችን ትሠራልናለህ?»

አገላብጦ አያት። «ቲቸር፣ ላንድክሩዘር ይሻልዎታል፤ ጠንካራ ነው» አለን።

«ላንድክሩዘር መጥቶ ስማችንን ጠርቶ ይሄዳል እንጂ የኛ አይሆንም» አልነው።

ሳቀ። ቀጥሎም «መጠኗ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሠሪ ነው። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ14፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ63፣ ከፍታዋ 1 ሜትር ከ28 መሆኑን ነገርነው። በዚያ ሳምንት በክፍል ስለ ንጽጽር እያስተማርን ነበርና ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ አወጣነው፤ «አንድ ለአሥር ብናደርጋት ስንት ትሆናለች?» ስድሳው ተማሪ በአንድነት ሠራው፤ 41፣ 16፣ 13። የኋላ ወንበር ላይ የሚተኛው ልጅ ሳይቀር ነቅቶ ከክፍልፋዩ ጋር ተጣላ። ከኮሌጅ ጀምሮ ስለ መርጃ መሣሪያ የተማርነው ሁሉ በዚያች ቀን በአንዴ ጠቀመን።

ዋጋ ተነጋገርን። ልጁ ስምንት መቶ ሽልንግ አለ፤ እኛ አምስት መቶ አልን፤ በስድስት መቶ ሃምሳ ተስማማን። ለኢንሴንቲቭ መምህር ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግማሹን በቅድሚያ፣ ግማሹን ስትደርስ ሰጠነው። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሽቦውን ከተቃጠለ ጎማ አወጣው። የመኪናዋን ጎማ ከተጣለ ሸበጥ ቆረጠ፤ ቸርኬዋን ከቆርኪ አደረገ። ቀዩን ቀለም ያገኘነው ከፀጉር ቤቷ እህታችን ነው፤ የደረቀ የጥፍር ቀለም ሦስት ጠርሙስ በነፃ ሰጠችን። የኮፈኗን ጥቁር ግን የሠራነው እኛ ነን፤ ያለቀ የራዲዮ ድንጋይ ሰብረን፣ ወቅጠን፣ በሙጫ ለወስነው። የገጠር መምህር የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሰሌዳ የሚጠቆረው እንዲህ ነው።

በመጨረሻ ልጁ «በበሯ ላይ ቁጥር ልጻፍ፤ የውድድር መኪና ቁጥር አለው» አለ። ቁጥር ከየት ይምጣ ብንለው «የካርድዎን የመጨረሻ ሁለት ቁጥር» አለን። በቅን ልቡ ነው ያለው። እኛ ግን እምቢ አልን። ቁጥር ይበቃናል። በበሯ ላይ ዜድ ብቻ ተጻፈ።

ስትደርስ የሽያጭ ውል አዘጋጀን። ልጁ ነው የጠየቀው፤ «አልከፈሉኝም እንዳልል፣ ሰረቅኸኝ እንዳይሉኝ» አለ። ከደብተር ገጽ ቀደድን፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ የመኪናዋ ዓይነት፣ ቀለም፣ ዋጋ ተጻፈ፤ ሁለት እማኞች ፈረሙ፤ አንዱ የክፍሉ አለቃ፣ ሁለተኛይቱ የፀጉር ቤቷ እህታችን ናቸው። ይህን ወረቀት ከሌሎቹ ወረቀቶቻችን ጋር በፌስታል ስንከተው አንድ ነገር አየን። በሌሎቹ ላይ ስማችን ብዙ ነው፤ «ጥገኝነት ጠያቂ»፣ «ባለ ጉዳይ»፣ «የቤተሰብ ብዛት አንድ»። በዚህኛው ላይ የተጻፈው «ባለቤት» ይላል። ከአገር ከወጣን እንዲህ ተብለን ስንጻፍ የመጀመሪያችን ነው። ያ ሌሊት ነው እንቅልፍ የነሣን።

መኪናዋን ወደ ግቢ ስናስገባ ጎረቤታችን እትዬ እንጀራቸውን ከምጣድ እያወጡ አዩን። እትዬ ነገር አይደብቁም።

«ይህ ይበላል?»

«አይበላም እትዬ።»

«ይለበሳል?»

«አይለበስም።»

«ስድስት መቶ ሃምሳ ሽልንግ!» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ስንት ኪሎ ዱቄት ነው እርሱ? ወይ የኔ ልጅ፣ መምህር መሆን ብቻውን አያስተምርም።»

ነገራቸው ከባድ ነበር፤ በዚያ ወቅት በካምፓችን በቀን አንዴ የሚበላ ሰው ነበርና። መልስ አልሰጠናቸውም። ቡና ሲፈላ መኪናዋ መሐል ተቀመጠች፤ ሰውም መጣ። እትዬ ዝም ብለው ሲያይዋት ቆዩና ድንገት «እኔ ደግሞ ብፌ ነው የምመኘው» አሉ። «መስታወት ያለው፤ ባለ ሁለት በር። ብርጭቆው ሲታይ ደስ የሚል። እዚህ ምን ይሠራልኛል? ብርጭቆም የለኝ። ግን ማታ ማታ እደረድረዋለሁ።» ይህን ካሉ በኋላ ሁሉም ሰው አፉን ፈታ። አንዱ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ነው የምመኘው አለ፤ የፀጉር ቤቷ እህታችን ባለ እግር ሲንጀር፤ አንድ ወጣት ደግሞ ፒያኖ አለ፤ ነክቶት እንኳ አያውቅም። የሚያስቀው ብዙ ነበር፤ ማንም ግን አልተዘባበተም።

በግቢያችን ከሁሉም የቆዩት ጋሼ ናቸው። ወታደር ነበሩ፤ ካኩማ በ1992 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገብተዋል። ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚያስፈልገኝን ስጠየቅ ኖሬአለሁ። ድንኳን? ብርድ ልብስ? መድኃኒት? የምወደውን የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም ራሴን መጠየቅ ተውሁ። አሁን ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።» ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። እትዬ ሁለተኛውን ቡና ለእርሳቸው አስቀድመው ቀዱላቸው።

ውድ አንባብያን፣ መኪናዋን በመግዛታችን ልክ ነበርን ወይስ አልነበርንም የሚለውን ከዚያ ወዲህ አስበንበታል። ዱቄት ከቆርቆሮ ይበልጣል፤ በዚህ ከእትዬ ጋር አንከራከርም። የተራበ ልጅ በቤቱ ያለው ሰው እንደ እኛ ያድርግ አንልም፤ እኛ የቤተሰብ ብዛታችን አንድ ነው። ነገር ግን የጋሼ ነገር አስፈራን። ረኃብ ሲበዛ ሰው ይታወቃል፤ ይከሳል፤ ሐኪም ይመዝነዋል። ምኞት ሲሞት ግን የሚመዝን ሚዛን የለም፤ ሰውየው ራሱም አያውቀውም። ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ነው፣ የቡና ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው ሲጠይቀው የሚገለጥለት። እኛ ካምፕ ከገባን ስድስት ዓመታችን ነው። ያቺን ቀይ መኪና እየረሳናት መሆኑን ያወቅነው ቀለሟን ለልጁ ልንነግረው ስንል ኮፈኗ ጥቁር ነው ወይስ ቀይ ብለን ስንጠራጠር ነው። ስልካችንን አውጥተን አየን። ስድስት መቶ ሃምሳ ሽልንጉን የከፈልነው ለዚህ ይመስለናል።

መኪናዋ አሁን ትምህርት ቤት ነው የምትውለው። በንጽጽር ምዕራፍ ታገለግላለች፤ ስለ ጎማ ዙሪያና ስለ ፍጥነትም ጀምረናል። ሠሪው ልጅ ሁለት አዲስ ትዕዛዝ አግኝቷል፤ አንዱ አውሮፕላን ነው። ጋሼ ደግሞ ባለፈው እሑድ በራችን ላይ ቆመው፣ ትንሽ አፍረው፣ «ያ ልጅ ዳማ መሥራት ይችላል? ጠጠሮቹ ከእንጨት፤ ጥቁርና ነጭ» ብለው ጠየቁን። ልጁ እንደሚችል ነገርናቸው። ዋጋውን ራሳቸው ይከራከሩ ብለን ሄድን።

ለሚቀጥለው እትም የእናንተን እንጠብቃለን። የሚያስፈልጋችሁን ሳይሆን የምትመኙትን ጻፉልን፤ ብፌም ይሁን ፒያኖ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በወረቀቱ በአንድ በኩል ብቻ ይጻፍ፤ የገልባጮቻችን ዓይን ደክሟልና ጽሕፈቱ ይነበብ። መኪናዋን ማየት የሚፈልግ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰባተኛ ክፍል ይምጣ። መንዳት ግን በተራ ነው፤ ሕፃናት ይቀድማሉ።